በሃያ ሰባት ረድፍ ያልታየው ቀን

ሚስባህ ሰይድ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ፣ የአፈር ላብራቶሪ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ነበር። ሥራው አፈር ማድረቅ፣ መመዘን፣ ማርጠብና እስኪሰነጠቅ ድረስ መጫን ነው። ዲግሪ የለውም። ማሽን ሲበላሽ ግን መምህራኑ የሚጠሩት እሱን ነው፤ ኮምፒውተር ሲያስቸግርም እሱኑ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አላገባም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እናቱ ዘንድ ያድር ነበር።

አባቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ሚስባህ አምስት ዓመት ሳይሞላው መንገድ ላይ ሞተ። እናቱ ወይዘሮ መዲና ሰኞ ገበያ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ሸጠው አሳደጉት። ጉልበታቸው ሲታመም ገበያውን ተዉ። የሚኖሩት ከሆጤ በላይ፣ ነዋሪው ቀይ አፋፍ ብሎ በሚጠራው ሰፈር ነው። ሰፈሩ አሥራ አንድ ቤት ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ተዳፋቱ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ከተዳፋቱ ሥር አንዲት ምንጭ አለች። ሰው የሚቀዳባት ቧንቧ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ የሚያያት ግን ክረምቱን በሙሉ ነው።

ሕጉ የቆየ ነው። ምንጯ ከደፈረሰች ተራራው ከውስጥ እየሄደ ነው ይባላል። የሰፈሩ ቅሬ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር፣ ያን ጊዜ ጥሩንባ ያስነፋል። ለሞት አንድ ረጅም፣ ለምንጯ ሦስት አጫጭር። ሦስቱ ከተነፋ እያንዳንዱ ቤት ይለቀቃል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ይሄዳል፤ የሌለው ከታች ሜዳው ላይ በቅሬው ድንኳን ይሰነብታል፤ ምንጯ እስክትጠራ። አልወጣም ያለ ይቀጣል።

ወይዘሮ መዲና ዘመድ አላቸው። እህታቸው ረሂማ ገራዶ ነው ያሉት። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ግን ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ተነሥቶ መሄድ ከበዳቸው። ስለዚህ ሐምሌ ሲገባ ሄደው ጳጉሜን ሲያልቅ መመለስ ጀመሩ። ጋቢያቸውን እዚያው ትተው ይመጣሉ።

"እህቴ አትከፋም" ይሉ ነበር። "ምራቷም አትከፋም። ግን ሰው ቤት ሁለት ወር ስትቀመጥ ማሳል ራሱ ያሳፍራል።"

በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁት። ያ ሁሉ ማሽን እጅህ ላይ ካለ፣ ይህ ተራራ ይወድቅ እንደሆነ አይወድቅ እንደሆነ ለምን አታይልኝም አሉት። ለቀልድ ነው ያሉት። እሱ ለቀልድ አልወሰደውም።

ኮሌጁ ውስጥ ስለሺ የሚባል ወጣት መምህር ነበር። የተዳፋትን ነገር በኮምፒውተር የሚያሰላ ሶፍትዌር ያውቅ ነበር፤ ለሚስባህም አስተምሮታል። ሁለቱ ሦስት ቅዳሜ ደሴ ወጥተው ከቤቶቹ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈሩ። አፈሩን በፌስታል ቋጥረው ሲወርዱ ወይዘሮ መዲና በራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩአቸው ነበር።

"አፈሬን ኮምቦልቻ ወስደህ ልትቸረችረው ነው?"

"ልመዝነው ነው፣ እማ።"

"ቢጎድልብህ ተመለስ። ምርቃት እጨምርልሃለሁ።"

ያስቸገረው ራሱ አፈሩ ነበር። ከአንዱ ጉድጓድ የወጣው ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ከሌላው የወጣው ይዞ ያቆየዋል። የሸክላው ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከተዳፋቱ ሥር ያለው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። ስለሺ፣ አንዱን ከምንመርጥ ሁሉንም እንሞክር አለ። ውኃ ማሳለፉን በሦስት ልክ፣ የሸክላውን ውፍረት በሦስት፣ የአፈሩን ጥንካሬ በሦስት። ሲባዛ ሃያ ሰባት ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሃያ ሰባቱን በተራ ያሰላቸዋል። መምህራኑ ይህን ስዊፕ ይሉታል።

ጊዜም ነበረበት። ዝናብ በአንድ ጊዜ ተራራ ውስጥ አይገባም። ይሰርጋል፣ ይጠራቀማል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ከሃያ ሰባቱ እያንዳንዱ ከቀን ወደ ቀን መሄድ ነበረበት፤ አምስት ቀን ከባድ ዝናብ፣ ከዚያ ሰባት ቀን አባርቶ። በጠቅላላው አሥራ ሁለት ቀን፣ በየስድስት ሰዓቱ አንድ ስሌት። በእያንዳንዱ ስሌት አንድ ቁጥር ይወጣል፤ የደኅንነት ቁጥር ነው። ከአንድ በላይ ከሆነ ተዳፋቱ ይቆማል። ከአንድ በታች ከወረደ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ለላብራቶሪው አሮጌ ኮምፒውተር ብዙ ነበር። ዲስኩ ይሞላል። ግንቦትን በሙሉ ኮምቦልቻ መብራት በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጠፋ ነበር፤ ዩፒኤሱ ከሩብ ሰዓት በላይ አይዝም። ሚስባህ አራት ጊዜ ጀምሮ አራቱንም ጊዜ ከመሃል ተቋረጠበት። በአምስተኛው አንድ ነገር ቀየረ። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ሙከራ ምን ያህሉን ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉንም ሰዓት ወይስ የመጨረሻውን ብቻ። የመጨረሻውን ብቻ የሚለውን መረጠ።

ስለሺ ከኋላው ቆሞ ያይ ነበር።

"የመሃሉስ?"

"መጨረሻው ካማረ መሃሉ ምን ይሆናል?"

ሁለቱም ሳቁ። እዚያ አገር ሰው ነገር ሲጀምር ፍጻሜውን ያሳምረው ተብሎ ይመረቃል። መሃሉን ያሳምረው ብሎ የመረቀ የለም። ሚስባህ በልቡ፣ መብራቱ ሲሻሻል ሁሉንም አስቀምጬ እደግመዋለሁ ብሎ ነበር።

ስሌቱ አለቀ። ሃያ ሰባት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ወጣ። ከሁሉ ዝቅ ያለው ቁጥር አንድ ነጥብ አንድ ስምንት ነው። ከአንድ በታች የወረደ አንድም የለም። አልደገመውም።

ሰኔ ላይ ሠንጠረዡን አትሞ ለቅሬው አቀረበ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ፈንታሁን ነበሩ፤ ሰኞ ገበያ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዱ ከወይዘሮ መዲና ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚኖሩት። ስብሰባው አልረዘመም። ሰው ጥሩንባው ሰልችቶታል። ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ሦስቱንም ጊዜ ምንም አልወደቀም። ባለፈው ክረምት ጭራሽ ሌባ ባዶ ቤት ገብቶ የጋሽ ፈንታሁንን ሁለተኛ የስፌት መኪና ወስዷል። አንድ ሽማግሌ፣ ምንጯ ለሌባ ደላላ ሆናለች አሉና ተሳቀ። የተወሰነው ይህ ነው፤ ምንጯ ብትደፈርስ ጥሩንባ ከመነፋቱ በፊት ሚስባህ ይጠየቅ።

ሐምሌ ገባ። ወይዘሮ መዲና ገራዶ አልሄዱም። ስለሺ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። ወይዘሮ መዲና ልጃቸውን፣ ጋቢዬን ከእህቴ ዘንድ አምጣልኝ አሉት። እሺ አለ፤ አንዱን ሳምንት በአንዱ እየተካ ሳይሄድ ቀረ።

ዝናቡ የጀመረው ሐሙስ ነሐሴ 16 ቀን ነው፤ ፍልሰታ የተፈታ ዕለት። ዓርብም ዘነበ፣ ቅዳሜም። ቅዳሜ ሚስባህ ደሴ አልወጣም፤ ሐረጎ ላይ ጭቃ ወርዶ መንገዱን ዘግቶት ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ ጋሽ ፈንታሁን ደወሉ።

"ሚስባህ፣ ምንጯ ደፍርሳለች።"

"ምን ያህል?"

"ሻይ በወተት መስላለች።"

ሠንጠረዡ ጠረጴዛው ላይ፣ መስታወቱ ሥር ነበር። አየው። ቁጥሮቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አነበባቸው።

"የአምስት ቀን ዝናብ አስልቼበታለሁ፣ ጋሼ። ከሃያ ሰባቱ አንዱም አልወደቀም።"

"እንግዲያው አላስነፋ?"

"አያስነፉ።"

"እናትህ እዚሁ ናቸው። አናግራቸው።"

ወይዘሮ መዲና ስልኩን ተቀብለው በልቶ እንደሆነ ጠየቁት። በልቻለሁ አለ። ከዚያ፣ "ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?" አሉት።

"ተቀመጪ፣ እማ። አብሽሪ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ድምፃቸው የዳነ ሰው ድምፅ ነበር። ሚስባህ ከዚያ ጥሪ የሚያስታውሰው እሱን ነው።

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተዳፋቱ ሄደ።

የገበያ ቀን ስለነበር ብዙው ቤት ባዶ ነው። ጭቃው ሦስት ቤት ወሰደ። ሁለቱ ተቆልፈው ነበር፤ አንዱ የጋሽ ፈንታሁን ነው። ወይዘሮ ውዱ ያን ቀን ገበያ አልወረዱም። በዚህ ዝናብ ወይዘሮ መዲናን ብቻቸውን አልተውም ብለው ቤታቸውን ቆልፈው እሳቸው ቤት ገብተዋል።

ሚስባህ ከኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው በዶማም በእጁም ይቆፍር ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች ተገኙ። ሁለቱም አንድ ጥግ ላይ ነበሩ። ወይዘሮ መዲና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበሩ። ወይዘሮ ውዱ ማክሰኞ ተቀበሩ። ቅሬው በሁለቱም ቀብር ላይ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ጥሩንባ ነፊው ረጅሙን ሁለት ጊዜ ነፋ፤ በመካከሉ ትንፋሽ ያጠረው ይመስል ቆም ብሎ ነበር።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ ለሚስባህ አንድ ነገር ነገረው፤ ቀናቸው ደርሶ ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው። አክስቱ ረሂማ ከገራዶ መጥተው ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀመጡ። ሠንጠረዡን ማንም አላነሣም። ባያነሡት የሚቀልለው መስሎት ነበር።

መስከረም ላይ ኮሌጁ ተማሪ ሳይቀበል በፊት ላብራቶሪውን ከፍቶ ስሌቱን ደገመው። ያው አፈር፣ ያው ቁጥር፣ ያው ሃያ ሰባት። ሌላ ዲስክ ተውሶ ሁሉንም ሰዓት አስቀምጥ የሚለውን መረጠ። ሦስት ቀን ፈጀ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱንም ጊዜ ካቆመበት ረድፍ ቀጠለ።

ከሃያ ሰባቱ በስድስቱ ቁጥሩ አምስተኛው ቀን ላይ ከአንድ በታች ወርዷል። በአንዱ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አንድ ደርሷል። ከዚያ ዝናቡ ያባራል፣ ውኃው ይወጣል፣ ቁጥሩ እያደር ይነሣል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስድስቱም ከአንድ በላይ ናቸው። ሶፍትዌሩ የሄደ ተራራ እንደማይመለስ አያውቅም። ስሌቱ ውስጥ ተዳፋቱ በአንዱ ሰኞ ወድቆ በሚቀጥለው ሰኞ ቆሞ ይገኛል። ሚስባህ ለእናቱ ያነበበላቸው የሚቀጥለውን ሰኞ ነው።

ማሽኑ ግንቦት ላይም ይህን አስልቶት ነበር። አስልቶ ጣለው፤ ጣል ስለተባለ።

ለስለሺ ደውሎ ነገረው። ስለሺ፣ እኔም አይቼ ዝም አልኩ አለ። ሚስባህ፣ አንተ እንኳ ጠይቀህ ነበር አለው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተደዋወሉም።

ነገሩን የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሚስባህ የስድስቱን ረድፍ ወረቀት ይዞ ሦስት ሳምንት ቆየ። ቢተወው ማንም አይጠይቀውም። ጋሽ ፈንታሁን በቀሪ ዕድሜያቸው ውዱ ቀኗ ደርሶ ነው እያሉ ይኖራሉ። ያ ይሻል እንደሆነ አሰበ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በአንዱ ሰኞ ፈቃድ ጠይቆ ሰኞ ገበያ ሄደ።

ጋሽ ፈንታሁን በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። በርጩማ ሳቡለት። ሚስባህ ወረቀቱን ሰጥቶ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። መብራቱን ምክንያት አላደረገም። ጋሽ ፈንታሁን እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ።

"አምስተኛው ቀን ሰኞ ነው?"

"ሰኞ ነው።"

"ማሽኑ ይህን ያወቀው መቼ ነው?"

"ግንቦት ላይ።"

"አንተስ?"

"መስከረም ላይ።"

ወረቀቱን አጠፉና ክር የሚያኖሩበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት። አንዲት ሴት ልጇን ለማስለካት መጣች። ተነሥተው ትከሻውን፣ ክንዱን ለኩ፤ ማክሰኞ ነይ አሏት። ሄደች። ተመልሰው ተቀመጡ።

"እሑድ ጠዋት ምንጯ ዳር የቆምኩት እኔ ነኝ" አሉ። "አባቴ ያሳየኝን ውኃ በዓይኔ አየሁ። ካየሁ በኋላ ነው የደወልኩልህ። ለምን ደወልኩ?"

እጃቸውን የስፌት መኪናዋ ላይ አኖሩ።

"አይወድቅም እንድትለኝ ነው። ይቺም መኪና እንዳትሰረቅ።"

"ይቅጡኝ፣ ጋሼ።"

"ቅሬው ከቀብር የቀረን ይቀጣል። ድንኳን የቀደደን ይቀጣል። ለዚህ የተጻፈ የለም።" መርገጫውን መልሰው ረገጡ። "ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። ለራሴም አላልኩም። አሁን ሂድ፤ ገበያ ነው፣ ሥራ አለብኝ።"

ቅሬው በዚያው ወር ተሰብስቦ ሁለት ነገር ወሰነ። ሦስቱ አጫጭር ጥሩንባ ከእንግዲህ ማንም ሳይጠየቅ ይነፋል። ምንጯን ደግሞ ክረምቱን በሙሉ በየቀኑ የሚያይ አንድ ሰው ይመደባል። ጋሽ ፈንታሁን፣ ሚስባህ ይሁን አሉ። ምክንያቱን የጠየቀ የለም።

ሚስባህ ከተረፉት ስምንት ቤቶች በአንዱ አንድ ክፍል ተከራየ፤ ጋሽ ፈንታሁንም በሌላው ተጠግተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰኔ እስከ መስከረም ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብርጭቆ ይዞ ምንጯ ዳር ይወርዳል። ቀድቶ ወደ ብርሃኑ ያነሣዋል። ያየውን በደብተር ይጽፋል፤ ቀኑን፣ ቀጥሎ አንድ ቃል። ጠራ። ጠራ። ደብዘዝ ያለ። ጠራ። የበዓል ቀንም ይወርዳል፤ ዒድ ሲሆን ከሶላቱ በፊት። ከዚያ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርዶ አፈሩን ይመዝናል። ወደ ምንጯ ሲሄድ እናቱ ቤት በነበረበት ያልፋል። ቦታው ላይ አሁን እሬት በቅሏል።

ኮሌጁ ውስጥ ተማሪ ሠንጠረዥ ይዞለት ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ የስንተኛው ቀን ነው ይላል። የመጨረሻው ነው ያለውን ይመልሰዋል። ተማሪዎቹ "ስንተኛው ቀን" የሚል ስም አውጥተውለታል። ይሰማል፤ አይቆጣም።

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ በአንድ ዓርብ ጠዋት፣ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ጣቱን አላሳየውም። ለጋሽ ፈንታሁን ነገራቸው። ሦስቱ አጫጭር ተነፋ። ሰው ወጣ። ጋሽ ፈንታሁን የስፌት መኪናቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ድንኳኑ ገቡ። "ዘንድሮ ሌባው እኔኑ ከነመኪናው ይውሰደኝ" አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

ሚስባህ ገራዶ ሄደ፤ አክስቱ ረሂማ ዘንድ። አክስቱ ከሣጥን ውስጥ አንድ ጋቢ አውጥተው አልጋው ላይ አኖሩለት። ታጥቦ የታጠፈ ነው። የማን እንደሆነ አልጠየቀም። ደሴ ዝናብ መትቶት ስለነበር ጉሮሮውን ሲከረክረው አመሸ። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፤ የአክስቱ ልጅ፣ ምራታቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው። ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ሳሉን ያዘው።

ቅዳሜና እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ እየተነሣ ምንጯን አይቶ ተመለሰ። ቅዳሜ፣ ድፍርስ። እሑድ፣ ደብዘዝ ያለ። ሰኞ ጠራች። ምንም አልወደቀም። ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ አጉረመረመ፤ አንድ ቤት ዶሮ ጠፍቷል። ያመሰገነው የለም፤ እሱም አልጠበቀም። ሰኞን በደብተሩ ጻፈ።

ከገራዶ በተነሣበት ጠዋት አክስቱ ረሂማ ጋቢውን ይዞት ይሄድ እንደሆነ ጠይቀውት ነበር። አጥፎ ወደ ሣጥኑ መለሰው።

"እዚሁ ይቀመጥ" አላቸው። "ክረምት በመጣ ቁጥር ልፈልገው እችላለሁ።"